የለጢፋ ሳሎን አቀማመጥ

«ስማችንን ዙሪያውን በክብ ጽፋዋለች። መሃሉን በቁጥር ሞልታ፣ ቁጥሩንም ሰርዛ ሰርዛ። ከፍራሿ ስር ነው ያገኘሁት ወላሂ።»

ለጢፋ ይህን የተናገረችው ለልጇ ለረይሃና ነበር። ነገር ግን በሳሎኑና በሱሀይላ መኝታ መካከል ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ለሱሀይላም ተነገራት ማለት ይቻላል። ቺፑዱ የተመታው እሷ ከአጋሮ የመጣች ሰሞን ነው። የወንድሜ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ ሥራ እስክታገኝ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ብላ ለጢፋ ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤቷ ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ ሰጠቻት። ሥራው እየራቀ ሲሄድ ሳሎኑም ለባለቤቲቱ እየጠበባት ሄደ፤ አሁን ሁለት ዓመት ሞላው። ሱሀይላ የተባለውን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር፤ ክቡ ምን እንደሆነ ታውቃለችና። ሳቋን በብርድ ልብሱ አፍና እጇን ከፍራሹ ስር ሰደደች፤ ወረቀቱ የለም። ቀና ብላ ምስማሩን አየች፤ ቦርሳዋም የለም። መታወቂያዋ ቦርሳው ውስጥ ነው። የባንክ ቅጥር ፈተናዋ ዛሬ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ነው፤ ባንኩ በላከው ቴክስት ላይ ደግሞ መታወቂያ ያልያዘ ተፈታኝ ከበር እንደሚመለስ ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኮች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ከሚሰጡት ፈተና ውስጥ የአቀማመጥ ጥያቄ የሚሉት አለ። ስድስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሀ ከለ ትይዩ ነው፤ ሐ ከመ በስተቀኝ ነው፤ እገሌና እገሌ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ እንግዲህ ረ የት ነው? ሱሀይላ ከዚህ በፊት የወደቀችው በዚህ ነው። ሒሳቡ አያስቸግራትም። ቅንፉን መጀመሪያ ፈትቶ፣ ማባዛትና ማካፈሉን አስቀድሞ፣ ላይና ታች የሚጣፋውን አጣፍቶ ረጅሙን ክፍልፋይ ወደ አንዲት ቁጥር ማሳጠር ለእሷ ምስር እንደ መልቀም ነው። ፊደሎቹ ግን አልያዝላት አሉ፤ መ ማን ነበር፣ ረ የማን ጎረቤት ነበር እያለች ሰዓቱ ያልቅባታል። ስለዚህ በፊደሎቹ ፋንታ ሰው አስቀመጠች። በቅርቧ ያለው ሰው ደግሞ የዚህ ቤት ሰው ነው። ሀጂ ቲጃኒ ከለጢፋ ትይዩ ናቸው። ሸኩር ከዘሀራ በስተቀኝ፣ ወዲያው ቀጥሎ ነው። ለጢፋና ዘሀራ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ረይሃና ከእናቷ አጠገብ ናት። ሳዲቅ የት ተቀመጠ?

እንዲህ ሲሆን አይረሳም፤ እውነት የሆነ ነገር ምን ይረሳል። ሸኩር የለጢፋ ባል ነው፣ ሳዲቅ ደግሞ ልጃቸው። ዘሀራ የሸኩር የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል ሳንቡሳ እየጠበሰች ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። የሸኩር ታላቅ ወንድም ሀጂ ቲጃኒ ባለፈው ዒድ፣ የሟች ቤት ክፍት አይቅር፣ ሸኩር ዘሀራን በኒካህ ይያዛት የሚል ሐሳብ ጣል አድርገው ሄዱ። ሸኩር እሺም እንቢም አላለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ማን ከማን አጠገብ እንደማይቀመጥ ድመቷ ሳትቀር ታውቃለች፤ አንድም ሰው ግን ነገሩን በአፉ አንስቶት አያውቅም። ሱሀይላ ስሞቹን የመረጠችው በክፋት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ክፋት የለበትም ማለት ግን ውሸት ነው። በአምናው ካላንደር ጀርባ ላይ ክቡን ስትስል፣ ለጢፋ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ዘይቱ የተናገረቻት ሁሉ እጇ ላይ ነበር። ወረቀት ላለማባከን ደግሞ የክቡን መሃል የሒሳብ መለማመጃ አደረገችው፤ ቁጥር በቁጥር ላይ፣ ሰረዝ በሰረዝ ላይ።

ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ለጢፋ ሩዝ ታጥባለች፣ ረይሃና ካሮት ትልጣለች። ሁለቱም ቀና አላሉም።

«አዳዳ፣ ቦርሳዬን ይስጡኝ። ወረቀቱ የፈተና ነው» አለቻት ሱሀይላ አክስቷን።

«ሀጂ ዙህር ሰግደው ይመጣሉ» አለች ለጢፋ ውሃውን እየደፋች። «እሳቸው ይዩትና ያን ጊዜ እናወራለን።»

ሱሀይላ አስረዳች። ፈተናው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንዳለው፣ ይህን የሚለማመደው የአገሩ ምሩቅ ሁሉ እንደሆነ፣ ክቡ ጠረጴዛ እንጂ ሲህር፣ ድግምት እንዳልሆነ ተናገረች። ስልኳን ከፍታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ከነሥዕሉ ለረይሃና አሳየቻት። ረይሃና ቢላዋውን እንደያዘች ስክሪኑን በጥሞና አየችውና እዚህ ላይ የእማዬ ስም የታለ አለቻት። ከዚያ በኋላ ለጢፋ በተራዋ ዘረዘረች፤ ቆጥራ የጠበቀችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። ረይሃናን ለማጨት ሽማግሌ የላከው የሊሙ ልጅ ስልኩን የዘጋው መቼ ነው? ሱሀይላ ከመጣች በኋላ። ሸኩር ከጎማ ወረዳ የሰበሰበው ቡና እርጥበት ገብቶበታል ተብሎ የተመለሰው መቼ ነው? ሱሀይላ ከመጣች በኋላ። ሳዲቅ አዲስ አበባ ሄዶ መደወል የተወውስ? ቡናው እርጥበት የገባበት ሸኩር ሸራ ሳያለብስ ስላሳደረው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሳዲቅም የማይደውለው ሲደውል ብር ላክ ስለሚሉት ነው። ማን ይናገር። የሚወቅሰው የፈለገ ሰው ከሩቅ አያመጣም፤ ቤት ያለችው ልጅ ትበቃዋለች።

ረፋዱ ላይ ለጢፋ የመኝታ ቤቷን ቁምሳጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ረይሃና ሳሎኑን ጠረገች፣ የመጅሊሱን ትራሶች አራገፈች፣ ሱሀይላ አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿን ይዛ በጎን ታልፋለች፤ አንድ ሽቶ ተቀብተው፣ አንድ መሐረብ ተዋውሰው የኖሩ ልጆች ናቸው። ስለ ሽንኩርት ብቻ ተነጋገሩ። ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ ገባ አለች ረይሃና ለእናቷ፤ የገበያው አይደለም የሱቁ ነው አለች ለጢፋ። መንገዱ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሱሀይላ ቀና ትላለች። ፈተናው ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው፤ ባጃጅ ካገኘች ቶሎ ትደርሳለች፤ መታወቂያ ከሌላት ግን መድረሱ ምን ይረባል።

በመጨረሻ ወደ ጓሮ ሄዳ የዘሀራን በር አንኳኳች። የጠላቴ ጠላት ትረዳኝ ይሆናል የሚል ስሌት ነበራት፤ ስሌቱ ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ዘሀራ ከዘይቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሀጂ ሲመጡ ጥያቄ መሆኑን አስረጂልኝ፣ አንቺ እኮ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰሻል አለቻት ሱሀይላ። ዘሀራ ሳንቡሳውን በማውጫው ገለበጠች።

«እኔ በዚህ ግቢ ድምፄን አጥፍቼ የምኖር ሴት ነኝ» አለች። «ስሜን ከስሙ ጎን ማን አስቀምጪ አለሽ? ለጢፋ እንኳ በሆዷ ይዛው ነበር። አንቺ ጻፍሽው። ማሎ፣ እባክሽ ከደጄ ዞር በይልኝ።»

ሀጂ ቲጃኒ ከመስጊድ እንደወጡ በቀጥታ መጡ። ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ልማዳቸው ከበሩ ራቅ ብሎ በግድግዳው በኩል ባለው ትልቁ ትራስ ላይ ተቀመጡ። ለጢፋ ወደ ማድ ቤት መውጣት እንዲመቻት ከፊት ለፊታቸው ሆነች፤ ረይሃና እናቷን ተጠግታ ኩርምት አለች። ዘሀራም ስሟ የተነሳ ነውና ተጠርታ መጣች፤ ከሀጂ ጎን ያለውን ቦታ ያዘችው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ወደ ለጢፋ የቀረበ ነበር። ሸኩር ከሁሉም ዘግይቶ ገባ። አይሱዙውን ሲያቆም ቆይቶ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ዙሪያውን አየ፤ በሚስቱና በዘሀራ መካከል ያለው ትራስ ክፍት ስለነበር እዚያው ዘፍ አለ። የሳዲቅ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ። ሱሀይላ ከምንጣፉ መሃል ቆማ ይህን አየች፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሮቹ የነበሩት እሷ የቆመችበት ላይ ነው።

ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ካላንደሩን አገላበጡት። ገጹ የሐምሌ ወር ነው፤ ጀርባው ሲህር ነው ተብሏል። ምን እንደሆነ ራሷ ታንብበው አሉ። ሱሀይላ እውነት ያድናል ብላ የምታምንበት የመጨረሻው ደቂቃ ይህ ነበር። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበችው። ሀጂ ከለጢፋ ትይዩ፣ ሸኩር ከዘሀራ ወዲያው ቀጥሎ፣ ለጢፋና ዘሀራ ጎን ለጎን አይቀመጡም። መልሱ እንዴት እንደሚገኝ፣ አንዱ ሰው ቦታውን ሲይዝ ሌላው ምርጫ እንደሌለው በጣቷ እያሳየች አስረዳች። ስትጨርስ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ቦታቸውን አዩት። ማንም አልተነቃነቀም፤ መነቃነቅ ማመን ይሆን ነበር።

«ይሄ ሲህር አይደለም» አሉ ሀጂ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሲህር ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ። ይሄ የተማሪ ሒሳብ ነው።»

ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ረይሃና አንገቷን ደፋች፤ ሲህር ካልሆነ የሊሙ ልጅ ስልኩን የዘጋው እሷን ስላልፈለገ ነው። ሸኩር ቁልፉን ማሽከርከሩን ተወ፤ ሲህር ካልሆነ የዒዱን ሐሳብ እስካሁን እንቢ ያላለው ራሱ ነው። ዘሀራ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ለጢፋ ደግሞ ባሏን በአግድም አየችው፣ ከዚያ ዘሀራን፣ ከዚያ ሱሀይላን፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። ሲህር ካልሆነ እያወቀች ነው የጻፈችው አለች። ቤቴን አራቁታ፣ እንጀራዬን እየበላች፣ ጉዴን በክብ ጽፋ ተኝታበታለች። ቦርሳውን አልሰጥም፤ አባቷ ከአጋሮ መጥቶ ይውሰዳት፣ ቦርሳውንም ያን ጊዜ ይወስዳል። ሀጂም የቤታችሁ ነገር ነው፣ ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን ብለው ጢማቸውን ዳበሱ።

ሱሀይላ የግድግዳውን ሰዓት አየችው። አባቷ እስኪመጣ ፈተናውም ያልፋል፣ የሚቀጥለውም ዓመት ያልፋል፤ አጋሮ ገብታ የአባቷን እሸት ቡና ስትለቅም ዲግሪዋ ግድግዳ ላይ ይሻግታል። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመደችውን አደረገች፤ ማን ምን እንደሚፈልግ አንድ በአንድ ደረደረችው። ረይሃና ያልተፈለገች መሆን አትፈልግም። ሸኩር ጥፋቱ የእሱ እንዳይሆን ይፈልጋል። ዘሀራ ስሟ እንዲነጻ ትፈልጋለች። ሀጂ ሰላም ወርዶ ምሳቸውን መብላት ይፈልጋሉ። ለጢፋ ባሏ ወዶ ሳይሆን ተገዶ መሆኑን መስማት ትፈልጋለች፣ ከምንም በላይ ይህን ትፈልጋለች። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሚሟላበት አቀማመጥ አንድ ብቻ ነው። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ፈተና ላይ ቢመጣ እንኳ ብዙ ሰዓት አይወስድም።

«ሲህር ነው» አለች።

ሁሉም ቀና አሉ።

«ሀጂ አላወቁትም። ከሰው ተምሬ ራሴ ነኝ የሠራሁት። አዳዳ ሲናገሩኝ ተናድጄ ነው።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ እውነተኛ ስለነበር ረዳት። «አፉ በሉኝ። ይፈታ።»

ያ ሳሎን ሲተነፍስ ተሰማ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስተግፊሩላህ አለ ሸኩር፣ ፊቱ ላይ ግን የተመለሰው ቡና ድንገት ገዢ ያገኘ ያህል ብርሃን ነበር። እኔም እኮ ሰሞኑን ራሴን አላውቀውም ነበር አለ፤ የሆነ ነገር ይጎትተኛል፣ ለማን ልናገር። ረይሃና በደስታ አለቀሰች። ዘሀራ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ንጽሕናዬን ላወጣኸው አምላክ ምስጋና ይግባው አለች። ሀጂ ቲጃኒ ብቻ ሱሀይላን ረጅም ጊዜ አዩአት፤ እሷም አየቻቸው። ማወቃቸውን አወቀች። ራሷ ካመነች እንግዲህ ውሃ አምጡ አሉ በመጨረሻ። ውሃው ላይ ቁርኣን ተቀራ፣ ካላንደሩ ሳፋው ውስጥ ተነከረ፤ የእስክሪብቶው ቀለም አልለቅ ስላለ ረይሃና በእጇ እየቀደደች ወረቀቱን ገንፎ አደረገችው።

ለጢፋ ተነስታ ሱሀይላን ወደ መኝታ ቤቷ አስከተለቻት። በሩን ዘጋች፣ የአንገቷን ቁልፍ አውጥታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ቦርሳውን ሰጠቻት። መታወቂያውን ግን ለብቻ አውጥታ ነበር፤ በሁለት ጣቷ ይዛ ፎቶውን እያየች ቆመች። ሱሀይላ ዘለፋውን ጠበቀች። ከሳሎን የሸኩር ሳቅ ይሰማል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀው።

«ሱሀይላ» አለች ለጢፋ። በስሟ ከጠራቻት ሰንብታለች። «እጅሽ ይሠራል ማለት ነው።»

ሱሀይላ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ሸኩርን ከእኔ አጠገብ አስቀምጪልኝ።»

ፊቷ እንደተቆጣ ነው። አፏ ግን የልጅ አፍ ሆኖ ነበር፤ የታችኛው ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏታል። ሱሀይላ እዚህ ቤት ስትኖር ለጢፋን ልትጠላት የምትችልበትን መንገድ ሁሉ ለቅማ ጨርሳለች ብላ ታስብ ነበር። ይህን ግን አላሰበችውም፤ በዚህም ይበልጥ ተናደደችባት።

«አጠገብዎ ነው እኮ አዳዳ። ወረቀቱ ላይም አጠገብዎ ነበር፤ በስተቀኙ እርስዎ ነዎት።»

«በወዲያኛው ጎኑስ?»

«ዘሀራ።»

«አንሺያት።»

«አይሆንም። ክብ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ጎን አለው። አንዱን ባነሳ ሌላ ሰው ይመጣበታል።»

ለጢፋ መታወቂያውን እያገላበጠች አሰበች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሰፊ አልጋ ነው፣ ትራሱ ግን አንድ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ክብ አታድርጊው» አለች። «መደብ ላይ ደርድሪን። እሱን ከግድግዳው ጋር ጥግ አስይዥው፣ እኔን ከእሱ ቀጥሎ።»

ሱሀይላ ከቦርሳዋ ቁራጭ ወረቀት አወጣች። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ሳበች፤ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው ቀጥሎ ሸኩርን፣ ከሸኩር ቀጥሎ ለጢፋን፣ ከዚያ ረይሃናን፣ ሳዲቅን፣ ሀጂን ጻፈች፤ ዘሀራን ከወዲያኛው ጫፍ አደረገቻት። ለጢፋ በጣቷ ርቀቱን ለካችው። ከዚህ በላይ አትርቅም ወይ ብላ ጠየቀች፤ መደቡ አለቀ አለቻት ሱሀይላ። ቁጥርም አድርጊበት አለች ለጢፋ፣ ያለ ቁጥር ይሠራል ወይ። ሱሀይላ አንድ ክፍልፋይ ጻፈች፤ ላይ ሰባት፣ ታች ሰባት። ሁለቱንም ሰረዘቻቸውና አጠገቡ አንድ ብላ ጻፈች። ለጢፋ ወረቀቱን አጣጥፋ ከጡቷ ስር ሸጎጠችው፣ ቢስሚላህ አለችበት ደግሞ፣ መታወቂያውንም ሰጠቻት። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ብድግ አለች፤ ስትነሳ የድሮዋ ለጢፋ ነበረች።

«ዕቃሽን ረይሃና በር ላይ ታወጣልሻለች። ሲህር የምትሠራ ልጅ ከእኔ ጋር አታድርም።»

«እሺ አዳዳ» አለች ሱሀይላ።

በሳሎኑ ስታልፍ ምሳ ቀርቦ ነበር። ነገር የተፈታበት ቀን ነው ተብሎ ሁሉም በአንድ ትልቅ ክብ ትሪ ላይ ተሰብስቧል፤ ሀጂ ከግድግዳው በኩል፣ ዘሀራ ከእሳቸው ጎን፣ ሸኩር ከዘሀራ በስተቀኝ። ከሸኩር በስተቀኝ ያለው ቦታ ለጢፋን እየጠበቀ ነው። ሸኩር ከሥጋው አንዱን ቆርጦ ወደ ዘሀራ በኩል ገፋ አደረገላት፤ አሁን ሲህሩ ስለተፈታ የሚያስነውር ነገር የለውም። ሱሀይላን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

ሻንጣዋ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማዋን አጥልቃ ሻንጣውን እየጎተተች አስፋልቱ ድረስ ሮጠች። የመጀመሪያው ባጃጅ ሙሉ ነበር፤ ሁለተኛው ቆመላት። ሹፌሩ ሻንጣውን አየና መናኸሪያ ነው እህቴ አላት። ፈተና ነው አለችው፣ ወደ ጅሬን መውጫ፣ ቶሎ በልልኝ። ከኋላ ወንበር ጥጉን ይዛ ተቀመጠችና ሻንጣውን ከጎኗ አስቀመጠችው።